ሳላስጠነቅቅ የደፋሁት የፈላ ውሃ

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ ለቱቫ፣ ባለሽበት፦

ይህን ደብዳቤ ከመቀጠልሽ በፊት ቁጭ በዪ። የያዝሽው መጋዝም ይሁን መዶሻ አስቀምጪው። እኔ ታናሽ ወንድምሽ ሃምፑስ ከከባድ ኀዘን ጋር የማስታውቅሽ ብርቱ ጉዳይ አለ። በዶክተር ኦቲሊያ ላይ ክፉ ነገር ደርሷል። ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ጨርሰሽ ሳታነቢ እንዳትደውዪልኝ፤ ብትደውዪም አላነሳም።

ሰላምታ ሳያደርሱ መርዶ ማስቀደም ነውር ነው ትላለች እማዬ፤ ስለዚህ ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንዴት ነሽ እህት ዓለም? እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሽሎሻል? የምትሠሪያቸው ጀልባዎችስ ይንሳፈፋሉ ወይስ አሁንም ደንበኛው እየዋኘ ነው የሚመለሰው? ኒውዚላንድ አሁን በጋ ነው አሉ። በጃንዋሪ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ብዙም አይታመንም፤ አንቺ ግን እህቴ ስለሆንሽ አልፌሻለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ሲደርስ ቴርሞሜትሩን ማየት ትተናል፤ የአባዬ መኪና ከሐሙስ ጀምሮ አልነሳም ብላ ተኝታለች፤ ድመቱ ደግሞ የአንቺን አልጋ ወርሷል። በወረቀት ካልጻፍክ ያልሽው ትዝ ይልሻል? «በስልክ የምትነግረኝን አንዱንም አላምንም፤ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ግን ቶሎ ስለሚደክምህ ውሸት አታበዛም» ብለሽኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥሎኝ ቢሄድም (እኔ አልጣልኩትም፣ እሱ ነው የጣለኝ) ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ደብዳቤዬን ለቤት ሰዎችሽ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው ስለማውቅ፣ ኦቲሊያ ማን እንደሆነች ለእነሱ ልንገራቸው። ዶክተር ኦቲሊያ ሥጋና ደም የላትም፤ የእህቴ የወረቀት ሰው ናት። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እማማ ዳግኒ ወጥ ቤት ተሰብስበን የምንጫወተው ጨዋታ አለ። እማማ ዳግኒ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ አሁን ደግሞ ተረት ይነዳሉ። እያንዳንዳችን አንድ ሰው በወረቀት ላይ ጽፈን፣ ስም፣ ጠባይና የችሎታ ቁጥር ሰጥተን፣ በሱ አፍ እንናገራለን። ዘመኑ ባቡር ገና ወደኛ ሰሜን ያልደረሰበት ነው። ሥራችን በየመንደሩ እየዞርን፣ ሌላ ሰው የማያያቸው በጫካ፣ በሐይቅና ከመሬት በታች ያሉ የጥንት ፍጥረቶች ምን እንዳስቆጣቸው መመርመር ነው። ከባድ ነገር ስንሞክር ዳይስ፣ ማለት ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያላቸውን ጠጠሮች፣ እንጥላለን። ስድስት ከወጣ ተሳካ፤ ካልወጣ ወዮልን።

የጠረጴዛው አግዳሚ ወንበር ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የቤቱን ሕግ ታውቂዋለሽ፦ የወረቀት ሰውህ ከሞተ ወረቀቱ ምድጃ ይገባል፣ ቦታህም ለተረኛው ይለቀቃል። አንቺ ስትሄጂ ኦቲሊያን በአደራ ሰጠሽኝ። በጁን እስክትመለሺ በሕይወት ካቆየኋት ቦታሽ ቦታሽ ነው። ከሞተች ግን አራት ዓመት የተቀመጥሽበት ቦታ የሩቤን ይሆናል። አዎ፣ ያው የፖስታ ቤቱ ሩቤን፣ ሲያስነጥሰው ይቅርታ የሚጠይቀው። ሁለት ዓመት ተረኛ ሆኖ ማገዶ ሳጥኑ ላይ እየተቀመጠ ሲያይ ኖሯል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። የዓመቱ የመጀመሪያ እሑድ አዲስ ተረት ጀመርን። ላሞቹ በአንድ ጀምበር ወተት የነሱት ገበሬ ጠርቶን ሄድን። አብረውኝ አግዳሚው ላይ ካሉት ጋሼ ሮልፍ እንደ ወትሮው ቄሱን ነው የሚጫወቱት፤ ማይከን ተማሪዋን። እኔ ኦቲሊያን ይዤ አንዲት የታመመች ገረድ መረመርኩ፣ መሣሪያዬን በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ ከዚያ ውሃውን ደጅ ደፋሁት። እማማ ዳግኒ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስትደፊው የምትዪው ነገር አለ ዶክተር?» አሉኝ።

እኛ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ከመሬት በታች ቪትራዎቹ ይኖራሉ፤ ቤት አላቸው፣ ላም አላቸው፣ ልጅ አላቸው። የፈላ ውሃ ሲደፋ መጀመሪያ «ዘወር በሉ፣ ሙቅ ነው!» ይባላል። አባዬ እንኳ ዛሬም የድንች ውሃ ወደ ቧንቧ ሲደፋ በለሆሳስ ይላታል፤ ስትይዢው «ሳል ነው» ይላል። እኔም አላጣሁትም። ማይከን በጠረጴዛው ስር ቅልጥሜን በጫማዋ ስትለኝ ጭራሽ ልቤ ሞቀ። ጋሼ ሮልፍን ማሳቅ ፈለግሁ። «አዎ፣ አለኝ» አልኩ፣ «‹ውሃው ደርሷል፣ ሻይ ቅጠሉን እናንተ ጨምሩ!› እላለሁ።»

ጋሼ ሮልፍ ሳቁ፣ ቡናው በአፍንጫቸው ወጣ። ማይከን ግን «አንተ ጅል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። እማማ ዳግኒ አልሳቁም። «በኔ ጠረጴዛ አንተ በአፍህ ያልከውን ሰውህም ብላዋለች። ታውቃለህ አይደል ልጄ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። በዚያች አጭር እርሳሳቸው አንዲት መስመር ጻፉ፣ ወረቀቱንም በደረቱ ገለበጡት። እርሳሷ ስትጫር አሁንም ይሰማኛል ቱቫ። ጋሼ ሮልፍ መላጣቸውን እየጠረጉ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሁለቱንም አይቻለሁ» አሉኝ።

በሁለተኛው እሑድ ኦቲሊያ ከእንቅልፏ ስትነሳ መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ እሳት ያልነካው መዳፍ። ከወለሉ ስር የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ከሷ በቀር የሚሰማው የለም። እማማ ዳግኒ ለቅሶውን እንዴት እንዳደረጉት ልነግርሽ አልችልም። አፋቸውን አልከፈቱም፤ ትንፋሻቸውን ብቻ በጥርሳቸው መካከል ይስቡ ነበር፣ እየቆረጡ፣ እየቆረጡ፣ ለመጮህ አቅም እንዳነሰው ሕፃን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ከቀኑ፣ ግን መስኮቱ ጠቁሯል። ማይከን «ይበቃል እማማ ዳግኒ፣ በማርያም» ብላ ተነስታ መብራት ጨመረች። እኔም ለመቀለድ አፌን ከፍቼ ምንም ሳይወጣ ዘጋሁት። እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ እማዬ ብታይ ሐኪም ቤት ትወስደኝ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ኦቲሊያ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወረደች። ከእግሯ ስር የላም ቃጭል ሰማች። እንዳትከተል ዳይስ ጣልኩ፤ ስድስት የለም። መሬቱ እንደ በር ተከፈተ፣ ገባች። ከውስጥ ልክ ከላይ እንዳለው ያለ ቤት፣ ልክ እንደኛው ምድጃ፣ ምድጃው አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጠረጴዛው ላይ ቂጣና ቅቤ ቀርቧል። እዚያ ቤት የበላ ተመልሶ አይወጣም፤ ይህንንም ሕፃን ያውቃል። እማማ ዳግኒ እዚህ ላይ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ። «ሳምንት እንገናኝ» አሉ። እንዴት ሳምንት! አንድ ሳምንት ሙሉ እህቴን ከመሬት በታች ትቼ ልተኛ?

ያቺን ሳምንት እንደ በሽተኛ ነው ያሳለፍኳት። ረቡዕ ዕለት ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ የእማማ ዳግኒን ደጅ በረዶ ጠረግሁ። በመስኮት ብቅ ብለው «አካፋውን አስቀምጥና ወደ ቤትህ ሂድ። በረዶ በመጥረግ ከዚያ ቤት የወጣ የለም» አሉኝ። ሩቤን ደግሞ ሐሙስ ዕለት፣ እኔም እማማ ዳግኒ ቤት እያለሁ፣ ፖስታ ሊያደርስ መጥቶ፣ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የአግዳሚውን ስፋት ለካ። እውነቴን ነው! «ለማወቅ ያህል ነው፣ ይቅርታ» አለኝ። አርብ ዕለት አረንጓዴ ትራስ ገዝቶ ማገዶ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠ። እኔ ምን ላድርግ? ትራሱን ተርትሬ የጥድ ፍሬ ሞላሁበትና መልሼ ሰፋሁት። እሑድ መጥቶ ተቀመጠበት። አራት ሰዓት ሙሉ አልተነሳም፣ ፊቱም አልተለወጠም። ያኔ ነው የፈራሁት ቱቫ። በጥድ ፍሬ ላይ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ያንን ቦታ ምን ያህል ቢፈልገው ነው?

ትናንት አራተኛው እሑድ ነበር። እማማ ዳግኒ ሳይቀመጡ ጀመሩ። ጨርቁን ገለጡት። ከውስጡ ሕፃን አለ፤ ከአንገቱ እስከ ትከሻው የፈላ ውሃ የላጠው። እናቱ (እማማ ዳግኒ ናቸው እንግዲህ፣ ግን እሳቸው አልነበሩም) ዓይኗን ሳትነቅል ጠየቀችኝ፦ «ከላይ አንድ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ግን ልጄን እያቀፍኩ ስለነበር ቃሉን አልያዝኩትም። ውሃውን ስትደፊ ምን ነበር ያልሽው?»

በሕይወቴ ስንት ዋሽቻለሁ? ለመምህራን፣ ለፖሊስ፣ ለጥርስ ሐኪም። አሁንም ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ዘወር በሉ ብዬ ነበር፣ አልሰማሽም» ማለት። ማይከን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሩቤን ትንፋሹን ይዟል። እኔ ግን ያቺን የተገለበጠች ወረቀት አየኋት፤ ምን እንዳልኩ እዚያ ተጽፏል። ደግሞም የሴትዮዋ ፊት አለ። «ሻይ ቅጠሉን እናንተ ጨምሩ፣ ነው ያልኩት» አልኳት። ቱቫ፣ ያን ቀልድ ሁለተኛ ጊዜ ስናገረው እንዴት እንደሚያስጠላ ብታውቂ! አንድም ሰው አልሳቀም። እሷም «ለምን?» አለችኝ። «ሰው ለማሳቅ» አልኩ። «ሳቁ?» «አንድ ሰው ሳቀ።» ጋሼ ሮልፍ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚህ በኋላ ነው ጭንቁ የመጣው። ጋሼ ሮልፍ፣ ማለት ቄሱ፣ ከላይ ምንጩ አጠገብ ደርሰዋል። በእጃቸው ቢላዋ አለ። በቪትራ ላይ ብረት ከወረወርሽ ኃይላቸው ይበጠሳል፤ የያዙትን ሰው በዚያው ቅጽበት ይለቃሉ። ዳይስ አያስፈልገውም፣ የተረጋገጠ ነው። ጋሼ ሮልፍ ጥፋተኛው እሳቸው የሆኑ ይመስል እየለመኑ «ሃምፑስ ልጄ፣ እሺ በለኝና ልወርውረው። ኦቲሊያ ትወጣለች፣ የቱቫም ቦታ ይተርፋል። እሺ በል» አሉኝ። ማይከንም «በላቸው! በላቸው እንጂ፣ ምን ያፈዝዝሃል!» እያለች ትጎትተኛለች። እማማ ዳግኒ ቀስ ብለው «ቢላዋው ሲወድቅ ግን ቤቱ ይዘጋል። ሕፃኑም ከነቁስሉ ውስጥ ይቀራል» አሉ።

አፌ «እሺ» ሊል ነበር። እውነቴን ነው፣ «እ» ብዬ ጀምሬም ነበር። ዓይኔ ወረቀትሽ ላይ ወደቀ። ከታች፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በዚያ እንደ ጉንዳን ሰልፍ በሆነ ጽሕፈትሽ «በሽተኛ ጥላ አትወጣም» ብለሻል። ሁለቴ አስምረሽበታል። ዓመት ሙሉ ያን ወረቀት ይዤ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነበር የማየው። ታዲያ ምን ላድርግ? ከወጣች ቦታሽ ይተርፋል፣ ግን በጁን መጥተሽ የምትቀመጪው ከማን ጋር ነው? ኦቲሊያ አይደለችም። አንዲት ሌላ ሴት ናት፣ ጥላ የወጣች። «ጋሼ ሮልፍ፣ አይወርውሩ» አልኩ። ማይከን እጄን ለቀቀችው። ሩቤን ከማገዶ ሳጥኑ ላይ «ጎሽ» ሲል ሰማሁት፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ለሴትዮዋ «ሐኪም ነኝ፣ ልጁን ስጪኝ» አልኳት። ሰጠችኝ። እማማ ዳግኒ ሦስት ዳይስ ወደኔ ገፉ። አንድ ስድስት ይበቃል። ጣልኩ፦ ሁለት፣ አራት፣ አራት። ደግሜ መጣል እችላለሁ፣ ግን ቢሳካም ዋጋ ይከፈላል፤ ዋጋውንም የምትቆርጠው እናቲቱ ናት፣ አስቀድማ አትናገርም። ባይሳካ ደግሞ ሕፃኑ ይሞታል፣ ኦቲሊያም እዚያው ትቀራለች። ምድጃው ከጀርባዬ ይንጣጣል። «እሺ» አልኩና ጣልኩ። አንዱ ሦስት። አንዱ አንድ። ሦስተኛው ከስኒ ጋር ተጋጭቶ ከጠረጴዛው ወረደ፣ አግዳሚው ስር ገባ።

መሬት የወደቀ ዳይስ እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው፤ ከእማማ ዳግኒ በቀር የሚነካው የለም። ሩቤን ካለበት ሆኖ «ልይልዎት?» ሲል፣ «አንተ ሳጥንህ ላይ!» ብለው ጮኹበት። ከዚያ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይዘው፣ ቀጥሎ የኔን ትከሻ ይዘው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ባትሪ አምጡ አሉ። ማይከን ባትሪውን አቀበለቻቸው። ከስር ድምፅ የለም። «እማማ ዳግኒ፣ በሕይወት አሉ?» አልኩ፤ ለቀልድ አልነበረም። ከስር ሆነው «ከድመት ፀጉር ጋር ነው ያለው፣ ቆይ» አሉ። ከዚያ «ስድስት» አሉ።

እኔ አላለቀስኩም። ማይከን አለቀሰ ብትልሽ አትመኛት፤ የሽንኩርት ወሬ ነው፣ ሽንኩርት ባይኖርም። ጋሼ ሮልፍ ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ፣ ጢማቸው እንደ ብሩሽ ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ጮኸ፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሕፃን ጮኸ። የገበሬውም ላሞች በማግስቱ ታለቡ። እናቲቱ ግን ኦቲሊያን በር ላይ አስቁማ ዋጋውን ነገረቻት፣ እዚያው ተቀበለችና ለቀቀቻት። እማማ ዳግኒ እስክሪብቶ አቀብለውኝ «ራስህ ጻፈው፣ በእርሳስ አይደለም» አሉኝ። ጻፍኩት። ዋጋው ምን እንደሆነ አሁን አልነግርሽም፤ ሰላምታው ይቅደም። አውቄ ነው።

ሩቤን ሲወጣ በር ላይ ያዝኩትና የጥድ ፍሬው የኔ ሥራ እንደነበረ ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ ስፌትህ አስቀያሚ ነው» አለኝ። አንቺ ስትመለሺ እኔም ከሱ ቀጥሎ ተረኛ ነኝ፤ ማገዶ ሳጥኑን እንካፈላለን ተባብለናል።

እማዬ ትስምሻለች፤ የላክሽው ሹራብ ጠቧታል ግን ትለብሰዋለች። አባዬ ሰላም ብሎሻል፣ መኪናዋ ከተነሳች ራሱ ይጽፍልሻል፤ እንግዲህ በኤፕሪል ጠብቂው። ጋሼ ሮልፍ እጅ ነስተዋል። ማይከን ናፍቀሽኛል በልልኝ ብላለች፣ ሱቁ ውስጥ የምትወጂው የቢጫ እንጆሪ ማርመላታ እንዳለቀም ንገራት ብላለች፤ ክፋቷ ነው። ድመቱ ምንም አላለም። ባንቺ በኩል ለቤቱ ባለቤት ለአቶ ሆኔ፣ ለልጁ ለአናሄራ፣ ለዚያ ጫማ ለሚበላው ውሻቸውም ሳይቀር ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

እሺ፣ ዋጋው። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ጥፍር። በቃ። ሙሉ ጣቱም አይደለም፣ ጥፍሩ ብቻ። አራት እሑድ፣ የአንድ ሳምንት እንቅልፌ፣ የጋሼ ሮልፍ ግማሽ ዕድሜ፣ ሁሉም ተደማምሮ፣ ተወልዳ የማታውቅ የአንዲት ሴት አንድ ጥፍር። ነገሩ ትንሽ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ማይከንም ጥፍር ያድጋል ብላለች።

አክባሪ ወንድምሽ ሃምፑስ
ታሎሰን፣ ዬምትላንድ
ሰኞ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2025